ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሚንት ለተሻገረ ሰው፦ የመጀመሪያው ሳምንት የአሠራር መመሪያ

«ሚንት ጫኑልኝ፤ ኮምፒውተሩም ፈጠነ፤ ግን ምኑ የት እንዳለ ጠፋኝ። ከየት ልጀምር?» ይህን ጥያቄ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪዎች፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኞች፣ ከጎረቤቶቼም ሳይቀር በተደጋጋሚ ስለምሰማ መልሱን በአንድ ቦታ ላስቀምጥላችሁ። ሊኑክስ ሚንት በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሲስተም ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ጅማ ውስጥ ብዙ ደህና ላፕቶፖች ወደ ሚንት እየዞሩ ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ አጫጫኑ ሳይሆን ከተጫነ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ሰው የሚቸገረው አዲሱ ነገር ከብዶት አይደለም። ሦስት የዊንዶውስ ልማዶች እጁ ላይ ስለሚቀሩ ነው፤ ፕሮግራም የሚመጣበት መንገድ፣ አማርኛ የሚጻፍበት መንገድ እና ፋይል የሚቀመጥበት መንገድ። ከዚህ በታች ረዘም አድርጌ የጻፍኳቸው ደረጃዎች እነዚህን የሚመለከቱ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ ሚንት 22 የተጫነበት ኮምፒውተር። 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፤ 8 ከሆነ ደግሞ ምንም አይጎድለው።
- ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ወይም ፋይላችሁን የሚችል ፍላሽ።
- ስልክና የስልክ ኬብል። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ ሳይሆን ዳታም የሚያስተላልፍ ይሁን።
- ቢያንስ 2 ጊጋ የኢንተርኔት ጥቅል። የሌሊት ጥቅል ቢሆን ይረክሳል።
- የሚሠራ ባትሪ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። የይለፍ ቃላችሁን የምትጽፉት እዚያ ላይ ነው፤ ሚንት ደጋግሞ ይጠይቃችኋል።

ከመሻገራችሁ በፊት ሥራችሁን ፈትሹ

በፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ የምትይዙ፣ በአውቶካድ የምትስሉ፣ ወይም ዋቢ ጽሑፎቻችሁን በኤንድኖት የምትይዙ ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዊንዶውስን በሚያስመስል ፕሮግራም ለማስከፈት መሞከር ይቻላል፤ የሰው ደሞዝ የሚሠራበትን ማሽን ግን ለሙከራ አላውለውም። ኤንድኖትን መተው ለምትችሉ ዞተሮ ሊኑክስ ላይ በደንብ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ፋይላችሁን አውጡ

ዊንዶውሱ ገና ካልጠፋ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ እና ፒክቸርስ የሚባሉትን ፎልደሮች በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ቅዱ። ከዚያ ኤክስተርናሉን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩትና ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ተቀድቷል ማለትና ይከፈታል ማለት አንድ አይደሉም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ዲ ድራይቭ አይነካም» የሚለውን አትመኑ። ዊንዶውስ ፎርማት ስናስደርግ ሲ ብቻ ስለሚጠፋ ሁላችንም ዲን እንደ መጋዘን ለምደነዋል። የሚንት መጫኛ ላይ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ምርጫ ግን ሲንም ዲንም አንድ ላይ ይጠርጋል። እኔ በዚህ የሦስት ዓመት ፎቶ አጥቻለሁ። ላፕቶፑን የሰጠሁት ባለሙያ «ዲ ላይ ከሆነ ችግር የለውም» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ሄድኩ። የእናቴ የመጨረሻዎቹ ሥዕሎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ቅጂ ስናገር ችክ ብል አትፍረዱብኝ።

በፓወር ግዕዝ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ሰነድ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ የፎንት ፋይሎቹን ራሳቸውን ቅዱ። ምክንያቱም እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን የአባታችሁ የይዞታ ማመልከቻ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ሚንት ላይ ሲጫን ተመልሶ ይነበባል። ፎንት ለመጫን ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጉና በሚከፈተው መስኮት የመጫኛውን ቁልፍ ተጫኑ።

ደረጃ 2፦ ለግማሽ ሰዓት ምንም ሳትጭኑ ዙሩት

ሜኑው እንደ ዊንዶውስ በግራ በኩል ታች ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ እዚህ «ሱፐር» ይባላል፤ ስትጫኑት ሜኑው ይከፈታል፤ የፈለጋችሁትን ስም መጻፍ ብቻ ነው። ኮፒ፣ ፔስት፣ የሠሩትን መልሶ መሻር (Undo)፣ ከመስኮት ወደ መስኮት መዝለል፣ ሁሉም በለመዳችሁት ቁልፍ ይሠራሉ።

የሚያደናግረው ሲ ድራይቭ አለመኖሩ ነው። የእናንተ ቤት «ሆም» የሚባለው ፎልደር ነው፤ ዶክመንትስም ዳውንሎድስም እዚያ ውስጥ ናቸው። ፍላሽና ኤክስተርናል ስትሰኩ በፋይል መክፈቻው ግራ በኩል ይወጣሉ። ከሆም ውጭ ያለው የሲስተሙ ነው፤ አያስፈልጋችሁምና አትንኩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በእንግሊዝኛ ስም ስትሰጡ ሚንት ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። በትልቅ ፊደል የሚጀምር «ሪፖርት» እና በትንሽ ፊደል የሚጀምር «ሪፖርት» ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

ደረጃ 3፦ ኢንተርኔት አስገቡ

ዋይፋይ ከታየ ወደ ደረጃ 4 እለፉ። ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መውጫው ስልካችሁ ነው። ስልኩን በኬብል ሰኩ፣ የሞባይል ዳታውን አብሩ፣ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ባለበት ቦታ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ክፈቱ። ሚንት ይህን ያለ ምንም ድራይቨር ያውቀዋል። ከዚያ ከሜኑው «ድራይቨር ማኔጀር» ክፈቱ፣ የሚመክራችሁን ምረጡ፣ ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ማሻሻያውን ሌሊት አውርዱ

በቀኝ በኩል ታች የጋሻ ምልክት አለ፤ «አፕዴት ማኔጀር» እሱ ነው። ሚንት ካልፈቀዳችሁለት በራሱ አያወርድም፤ ዳታ ቆጥሮ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የመጀመሪያው ማሻሻያ ብዙ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል አድርጉት። ቻርጀሩ ይሰካ፤ ባትሪውም ይሙላ። ማሻሻያው እየተጫነ መብራት ቢሄድና ማሽኑ ቢጠፋ ሲስተሙ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ክረምት ላይ ከሰዓት ሰማዩ ሲያጉረመርም ከሆነ ለነገ አቆዩት።

ደረጃ 5፦ አማርኛ ጻፉ

በዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ፤ ከመቶ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ነውና። አፋን ኦሮሞ የምትጽፉ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ቁቤን እንደ ድሮው ትጽፋላችሁ፤ ምንም አይጨመርም። ለአማርኛ ግን አንድ መጻፊያ መጫን አለበት።

ሀ) ከሜኑው «ሶፍትዌር ማኔጀር» ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ጭረት፣ ኤም፣ 17፣ ኤን ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉና የሚመጣውን ጫኑ።

ለ) «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከሜኑው ክፈቱ። የመጻፊያ ፍሬምወርክ ላይ «አይባስ» የሚለውን ምረጡ።

ሐ) ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ «አልሠራም» ይላል። መጻፊያው የሚነሣው ስትገቡ ስለሆነ ካልወጣችሁ አይታይም።

መ) «አይባስ ፕሪፈረንስስ» ክፈቱ፤ ኢንፑት ሜተድ የሚለው ገጽ ላይ «አድ» ብላችሁ አማርኛን ፈልጉ፤ ከሥሩ «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ።

ሠ) ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር ሱፐርንና ስፔስን አንድ ላይ ተጫኑ። እምቢ ካለ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቋንቋ ምልክት ክሊክ አድርጉ።

ሴራ አጻጻፉ በድምፅ ነው። ተነባቢውን ብቻ ስትጫኑ ሳድሱ ይመጣል፤ አናባቢ ስትጨምሩ ይቀየራል። ኢ ግዕዝ፣ ዩ ካዕብ፣ አይ ሣልስ፣ ኤ ራብዕ፣ ትልቁ ኢ ኃምስ፣ ኦ ሳብዕ ነው። ስለዚህ ኤስ-ኢ-ኤል-ኤ-ኤም ብላችሁ ብትመቱ «ሰላም» ይወጣል። ቢ-ዩ-ኤን-ኤ «ቡና» ነው። ጄ-ኤም-ኤ «ጅማ» ነው። ጠንካራ ድምፆች በትልቅ ፊደል ይመጣሉ፤ ትልቁ ቲ ጥ፣ ትልቁ ኤስ ጽ፣ ትልቁ ሲ ጭ፣ ትልቁ ኤን ኝ። ትንሹ ሲ ች፣ ኤክስ ደግሞ ሽ ነው። ሁለት ነጥብ ሁለቴ ስትመቱ አራት ነጥብ ይሆናል።

ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ «ተማሪ» የምትሉት በጤ ይጀምርባችኋል። እንዲህ ሲሆን መጻፊያው ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት፤ መብራቷን እዩ።

የተለመደ ስህተት፦ «ኪቦርድ» የሚለው ሴቲንግ ውስጥ «ሌይአውትስ» ላይም አማርኛ ስላለ ሰው እሱን ይጨምራል። እዚያ ያለው ፊደሎቹን እንደለመድነው አያጣምርም፤ ሰ ብቻ፣ ለ ብቻ እየሰጠ ያበሳጫል። ጨምራችሁት ከሆነ አውጡት።

ደረጃ 6፦ ፕሮግራም ከሶፍትዌር ማኔጀር ውሰዱ

አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ቴሌግራም አወረድኩ፤ ሁለቴ ብጫነውም አልከፍት አለ» ብሎ ላፕቶፑን ተሸክሞ መጣ። ዳውንሎድስ ውስጥ ያንኑ የዊንዶውስ ማስነሻ አራት ጊዜ አውርዶት ነበር፤ አራት ጊዜ ዳታ ከፍሎበት። በኢ-ኤክስ-ኢ የሚያልቅ ፋይል ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ሚንት አያስነሣውም። ከድረ ገጽ ማውረድ የሚለውን ልማድ ተዉትና ስሙን ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ፈልጉ፤ ቴሌግራምም፣ ቪኤልሲም እዚያው አሉ። ከዚያ የመጣው ነገር የተፈተሸ ነው፤ ሲሻሻልም ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይሻሻላል።

ዳታችሁን የሚያድን አንድ ነገር፦ አንዳንድ ፕሮግራም ሁለት ምርጫ ይዞ ይመጣል፤ «ሲስተም ፓኬጅ» እና «ፍላትፓክ»። ፍላትፓክ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለብቻው ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ጊዜ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ሊበላ ይችላል። ሁለቱም ካሉ ሲስተም ፓኬጁን ውሰዱ። የግድ አዲሱ እትም ካስፈለጋችሁ ብቻ ፍላትፓኩን።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው የላከላችሁን፣ «ተርሚናል» የሚባለው ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ትእዛዝ፣ ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ አትለጥፉ። የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ የምታስኬዱት ትእዛዝ ማሽኑን ሁሉ ማጥፋት ይችላል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ላለው ሥራ አንድም ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ሰነዳችሁ ሌላ ሰው ጋ እንዲከፈት አድርጉ

ሚንት ውስጥ የወርድን ቦታ የሚይዘው ሊብረኦፊስ ነው። ሁለት ነገር ዛሬውኑ ቀይሩ። «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ/ሴቭ»፣ «ጄኔራል» ግቡ። ታች «ኦልዌይስ ሴቭ አዝ» የሚለውን ወደ ወርድ 2010–365 ቀይሩ። ካልቀየራችሁ ሊብረኦፊስ በራሱ ዓይነት ያስቀምጠዋል፤ አማካሪያችሁ ወይም ቀበሌው ቢከፍተውም ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። በዚያው ገጽ ላይ ሥራችሁን ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጥበት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ 2 አድርጉት። መብራት ድንገት ሲሄድ የምታጡት የሁለት ደቂቃ ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

በወርድ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትከፍቱ የገጹ ቁጥር ቢለወጥ አትደንግጡ። ለታይምስ ኒው ሮማን ሚንት የሚተካው ሊበሬሽን ሴሪፍ በፊደሉ ስፋት እኩል ስለሆነ መስመሩ ብዙም አይነቃነቅም። ለአማርኛው ኒያላ ግን እኩል የሚመጣ ስለሌለ መስመሩ ይሸሻል፤ ማውጫውም ይዛባል። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ኒያላ ካልጠየቀ ሁለታችሁም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ጫኑ፤ ነፃ ነው፤ ዊንዶውስም ላይ ይሠራል።

ለማሳተም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትወስዱት ነገር ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ይሁን። ሊብረኦፊስ ላይ «ኤክስፖርት አዝ ፒዲኤፍ» የሚል ቁልፍ ከላይ አለ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞት ስለሚሄድ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ያለው ቤት ምንም ፎንት ባይኖረው እናንተ ያያችሁት ይወጣል። በአፋን ኦሮሞ ስትጽፉ ቃላቱን እያረመ ካስቸገራችሁ «ቱልስ» ውስጥ «አውቶኮሬክት» ገብታችሁ አጥፉት።

ደረጃ 8፦ ፍላሽ ሳታስወጡ አትንቀሉ

ዊንዶውስ ላይ ዝም ብለን እንነቅል ነበር፤ ብዙ ጊዜም ችግር አያመጣም ነበር። ሚንት ላይ ያመጣል። ፋይል ወደ ፍላሽ ስትቀዱ ሚንት መጀመሪያ ራሙ ላይ ይይዘውና ፍላሹ በሚችለው ፍጥነት ቀስ እያለ ይጽፈዋል። የቀለሙ መስመር ሞልቶ ሲጠፋ ያለቀ ይመስላል፤ ፍላሹ ግን ገና እየተጻፈበት ነው። ያኔ ከነቀላችሁት ፋይሉ ስሙ አለ፣ ውስጡ ግን ግማሽ ነው።

ስለዚህ በፋይል መክፈቻው ግራ በኩል ከፍላሹ ስም አጠገብ ያለችውን ወደ ላይ ቀስት ተጫኑና ጠብቁ። ትልቅ ፊልም ከሆነ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። አሁን መንቀል እንደምትችሉ ሲነግራችሁ ንቀሉ። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አልገባም ካለ ፍላሹ ፋት32 ሆኖ ነው፤ ውስጡን ቀድታችሁ ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

የሾርትከት ቫይረስ ነገርም እዚሁ ይነሣ። ከሌላ ማሽን የመጣ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ባዶ ወይም በሾርትከት የተሞላ ሆኖ የሚታየው ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ስለሚደብቀው ነው። ሚንት ያንን መደበቂያ ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ስትሰኩት ፎልደሩ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታያል፤ አንዳንዴም ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተሸሽጎ ታገኙታላችሁ። ፋይሎቻችሁን ወደ ሆም ቅዱ፤ ሾርትከቶቹንና የማታውቋቸውን ማስነሻዎች አትቅዱ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ቫይረሱ ሚንታችሁን ባይነካም ተሸክማችሁት ብትሄዱ የሰው ዊንዶውስ ላይ ይነሣል።

ደረጃ 9፦ ታይምሺፍትን አብሩ

ሁሉም ነገር መሥራት ሲጀምር ከሜኑው «ታይምሺፍት» ክፈቱ፤ አርሲንክ የሚለውን መርጣችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ቅጂ እንዲያነሣ፣ ሁለት ቅጂ ብቻም እንዲይዝ አድርጉ። ማሻሻያ ቢያበላሽባችሁ ቅጂው ወደተነሣበት ቀን ይመልሳችኋል። የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ የእናንተን ሰነድ አይደለም፤ ለሰነዱ ኤክስተርናሉ አለ።

ሌሎች የሚደጋገሙ ችግሮች

*ድረ ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል።* ቀኑን እዩ። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ትንሿ 2032 ባትሪ ስትሞት ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብራውዘሩም ጊዜው ስለማይገጥም አይከፍትም። ለጊዜው ቀኑን አስተካክሉ፤ ባትሪዋን ግን አስቀይሩ።

*ዊንዶውስና ሚንት አብረው ባሉበት ማሽን ዊንዶውስ ሰዓቱን 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል።* ሚንት የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነበዋል። የእኛ ልዩነት 3 ሰዓት ስለሆነ ነው፤ የተበላሸ ነገር የለም። ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱን ከኢንተርኔት አስተካክል ብትሉት ለጊዜው ይስተካከላል።

*የዊንዶውሱን ዲስክ ከሚንት ሆኜ አያለሁ፤ ማስቀመጥ ግን አልችልም።* ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» አንቀላፍቶ እንዲቀር ያደርገዋል። ወደ ዊንዶውስ ግቡ፣ ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ፣ ከዚያ ሸት ዳውን አድርጉ። ሚንት ላይ ሆናችሁ በግድ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ፋይል ይበላሻል።

*የይለፍ ቃል ስጽፍ ምንም አይታይም።* ጥቁሩ መስኮት ላይ ከሆነ ኮከብ ላይወጣ ይችላል፤ እየተጻፈ ነውና ጨርሳችሁ ኢንተር ተጫኑ። ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ አማርኛው በርቶ እንዳይሆን ሰዓቱ አጠገብ ያለውን ምልክት እዩ፤ የይለፍ ቃሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።